የወጣቶች ክፍሉ ታብሌት፦ ከአያት ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር

ቀላል ባቡሩ ከሚያበቃበት ከአያት አልፎ ባለ የኮንዶሚኒየም ሠፈር በመድኃኒት ቤት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰኞ ጠዋት ባንኮኒው ፊት ቆመው፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የፀጉር ቅባት ዋጋ እየጠየቁ የሚቆዩና በመጨረሻ "ፖስት ፒል አለ?" ብለው በሹክሹክታ የሚጠይቁ ልጆች አሉ። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒኑን እሰጣለሁ፤ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በቶሎ በተወሰደ መጠን የተሻለ እንደሚሠራ አስረዳለሁ። ከዚያ ያለፈውን ጥያቄ ግን ከኋላ ተሰልፎ በሚሰማ ሰው ፊት ማንሳት አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል የወለዱት ወይም ያረገዙት በአገር ደረጃ 13 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 3 በመቶ መሆናቸውን ስላሳየ ችግሩ የገጠር ነው ብለው የሚያልፉት አሉ፤ አኃዙ የሚቆጥረው የወለዱትንና ያረገዙትን በመሆኑ፣ ሰኞ ጠዋት በፍርሃት ባንኮኒዬ ፊት የሚቆሙት በውስጡ የሉም።

ስለዚህ በአካባቢያችን ባለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በወጣቶች ክፍል፣ በታብሌት የታገዘ የወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር መጀመሩን ስሰማ፣ ሰው ከመላኬ በፊት ሄጄ ለማየት ወሰንኩ። አጋጣሚ ሆኖ የጎረቤቴ ልጅ፣ የ18 ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ "እትዬ፣ እርስዎ አብረውኝ ቢሄዱ" ብላ ጠየቀችኝ። ከወጣች በኋላ የነገረችኝን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።

ነርሷ ታብሌቱን ከፍታ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰጥታት፣ መጋረጃውን ስባ ወጣች። ጥያቄዎቹ በጽሑፍም በድምፅም ይቀርባሉ፤ ያልገባትን ደግማ ማዳመጥ ትችላለች። የሚጥል በሽታ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ፣ ከመጀመሩ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ራስ ምታት አለብሽ ወይ፣ የወር አበባሽ ቢዛባ ያስጨንቅሻል ወይ ይላል። እነዚህን ጥሩ ነርስም ትጠይቃለች። ልጅቷን ያስቆማት ሌላ ጥያቄ ነበር፤ "መድኃኒቱን በቤትሽ ሰው ሳያይብሽ ማስቀመጥ የምትችይበት ቦታ አለሽ ወይ?" የሚል። ከሁለት እህቶቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትተኛ፣ የራሷ መሳቢያ እንኳ የሌላት ልጅ ናት፤ የሄደችውም በየቀኑ የሚዋጠውን ክኒን ልትጠይቅ ነበር። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ለማንም አንስቼ አላውቅም፤ ይህን በማሰብ ያፈርኩት ስለ ራሴ ሥራ ነው።

የትኛው ዘዴ ለማን እንደሚስማማ የሚለይበት የመሣሪያው ስሌት ጤናማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱን ዘዴ እንደ ተጠቃሚዋ ሁኔታ ያለ ገደብ ከሚፈቀድበት ከደረጃ 1 ጀምሮ ፈጽሞ መሰጠት እስከሌለበት ደረጃ 4 ድረስ ይመድበዋል፤ ዕድሜ ማነስ ብቻውንም የትኛውንም ዘዴ ለመከልከል በቂ ምክንያት አይሆንም። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ለታዳጊዎች ደረጃ 1 ሲሆን፣ የሦስት ወሩ መርፌ ከአጥንት ጥንካሬ ጋር በተያያዘ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ደረጃ 2 ነው፤ ይህም ማለት ጥቅሙ በአብዛኛው ከሥጋቱ ይበልጣል ማለት ነው። "ገና ሳትወልጂ ይህ አይሆንሽም" የሚል መልስ ከባለሙያ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ስለማውቅ፣ ማሽኑ ይህን አለማለቱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የደም መፍሰሱን የሚያሳየው ገጽ ነው። በክንድ የተቀበረውን ብዙ ሴቶች ጊዜው ሳይደርስ የሚያስወጡት የወር አበባቸው ስለሚዛባ ነው፤ አስቀድሞ ያልተነገራት ልጅ ደግሞ ታመምኩ ብላ ትደነግጣለች። ገጹ የወሩን ቀናት በሠንጠረዥ አስቀምጦ በአንዳንዷ ወር ጠብታው እንዴት እንደሚበዛ፣ በሌላዋ ወር ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ያሳያል። መካን ያደርጋል ለሚለው ወሬም፣ የተቀበረው ሲወጣ የመፀነስ አቅም ወዲያው እንደሚመለስ፣ ከመርፌው በኋላ ግን ወራት ሊዘገይ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል።

ነርሷ ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል አነጋገረቻት፤ ምንም ሳትገፋፋት። ልጅቷ በዕለቱ ኮንዶም ብቻ ይዛ ወጣች፤ በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ ሦስት ዓመት የሚያገለግለውን አስቀበረች። የከፈለችው ነገር የለም።

ቅሬታዬ ከባድ ነው። ካርድ ክፍሉ በር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ "የቤተሰብ ዕቅድ ናችሁ?" ብሎ ክትባት በሚጠብቁ እናቶች ሁሉ ፊት ጮኾ ጠየቀን፤ መጋረጃው ያስጠበቀው ምስጢር በር ላይ አስቀድሞ ተበትኖ ነበር። ከዚያ የባሰው ስልኩ ነው። መሣሪያው ቀጠሮን በአጭር መልእክት ስለሚያስታውስ ያለ ስልክ ቁጥር አያልፍም፤ ልጅቷ የሰጠችው የእናቷን ነው፤ መልእክቱም "የወሊድ መቆጣጠሪያ" የሚለውን ቃል በግልጽ ይጽፋል። ለነርሷ ስነግራት ደንግጣ ቁጥሩን አጥፍታ የክፍሉን ስልክ አስገባችበት፤ ለቀጣዩ ልጅ ግን ማን ይነግርለታል? የመሣሪያው አዘጋጆች ቁጥር መስጠትን በፈቃድ ሊያደርጉት፣ መልእክቱንም "ነገ ቀጠሮ አለዎት" ብቻ እንዲል ሊያሳጥሩት ይገባል።

ኮንዶም ከኤች አይ ቪ እንደሚከላከልና ሌሎቹ ዘዴዎች እንደማይከላከሉ የተገለጸው በአንድ አጭር መስመር ነው፤ ይህ አይበቃም። ድምፁም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ "አንቺ" እያለ ስለተቀረጸ፣ ወደ ባንኮኒዬ ከሚመጡት ግማሽ ያህሉ የሆኑት ወንዶች ልጆች የሚያዳምጡት የላቸውም።

ልጆችን አሁን ወደዚያ እልካለሁ። ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ሰልፉ ይቀላል፤ በሩ ላይ "የወጣቶች ክፍል" ብቻ በሉ፤ ስልክ ስትጠየቁ የቤት ሰው ቁጥር አትስጡ፣ የቀጠሮ ወረቀት ጠይቁ እላቸዋለሁ።