መርካቶ፣ ሽሮ ሜዳ ወይስ ቦሌ? ለገበያና ለምሳ አንድ ቀን ብቻ ላላችሁ

ዘመድ ከውጭ በመጣ ቁጥር ገበያ የማዞረው እኔ ነኝ። ሁሉም «የት ይረክሳል?» ብለው ይጀምራሉ። እኔም መልሼ «ምን ልትገዙ ነው? ዕቃውንስ ታውቁታላችሁ?» እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በርካሽ ገዝቶ የሚያተርፈው የሚገዛውን የሚያውቅ ሰው ነው። የማያውቅ ርካሽ ሰፈር ሄዶ በውድ ገዝቶ ይመለሳል።

መርካቶ ለሚያውቅ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የከተማው ትልቅ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ ወደዚያ ከሄደ ወዲህ ሁሉም ነገር በየተራው ተሰድሯል፤ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ይህ አቀማመጥ ለገዢ ይጠቅማል፤ አንዱ ሱቅ የጠራውን ዋጋ እዚያው ጎረቤቱ ጋ ማመሳከር ይቻላል። ሦስት ቤት ሳትጠይቁ ብር አታውጡ። በርበሬ፣ ቅመም፣ የቡና ስኒና የቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ሌላ ቦታ መሄዱ ድካም ነው። ሸማ ተራን የምታስቡ ደግሞ በጥቅምት 2017 ከባድ ቃጠሎ እንደደረሰበት አስታውሱ፤ የድሮ ደንበኛ ያላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ችግሩ ግፊያው ነው። ስልክ በኋላ ኪስ አይያዝም፤ ቦርሳም ከፊት ነው። «ና ላሳይህ» ብሎ የሚከተላችሁ ደላላ ኮሚሽኑ ዋጋው ላይ እንደሚደመር አትርሱ። ሕፃን ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ መርካቶን ለሌላ ቀን አቆዩት።

የሀበሻ ልብስ ከሆነ ግን እኔ ሳላመነታ ሽሮ ሜዳ ነው የምወስዳችሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ነው። ሰፈሩ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ሰፈር ነው፤ ከሱቁ ጀርባ የሚሠራው ሰው አለ ማለት ነው። ቀሚሱን አይታችሁ ጥለቱ ካልጣማችሁ «በዚህ ቀለም አሠሩልኝ» ማለት ይቻላል። ትእዛዝ ግን ቀናት ይፈልጋል፤ ነገ የሚበር ሰው ከተሰቀለው መምረጥ አለበት።

እዚህም ቢሆን ዓይን ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ «ንጹህ ፈትል» ተብላ የገዛችው ነጠላ ቤት ስንፈትሸው ገሚሱ ሰው ሠራሽ ክር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሳላይ አልገዛም። መጀመሪያ ልብሱን ገልብጬ የጥበቡን ጀርባ አያለሁ፤ በሽመና የተሠራ ከሆነ ክሩ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ገርጣ ያለ ወይም ባዶ ነው። ቀጥሎ ሻጩን አስፈቅጄ ከዘርፉ አንዲት ክር አቃጥላለሁ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠቀለላል። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት «ነጠላውና መቀነቱ አብሮ ነው?» በሉ። ቀሚሱን አስረክሶ ነጠላውን ለብቻ የሚያስከፍል ሻጭ ሞልቷል። ዋጋውን አስቀንሱ፣ ግን በሳቅ፤ «መጨረሻው ስንት ነው?» ካሉ በኋላ ሁለት እርምጃ መራቅ አሁንም ይሠራል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ስለሆነ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ዘዴ ብዙም አያስቀንስለትም።

ቦሌ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጊዜ የሌለው፣ መከራከር የማይወድ፣ ጫማና ሽቶ የሚፈልግ ሰው ይሂድ። ዋጋው ተለጥፏል፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ሽንት ቤት አለ። (የመጨረሻውን አትናቁት፤ መርካቶ ውስጥ ስንት ሰው አስሮጧል።)

አሁን ወደ ሆዳችን። መርካቶ ቁርስ ላይ ጎበዝ ነው፤ ፉል፣ ሳምቡሳ፣ ሻሂ። በጠዋት ገብቶ እዚያው መብላት ያዋጣል፤ ለምሳ ግን ዕቃ ተሸክሞ ወንበር መፈለግ ያታክታል። ሽሮ ሜዳ የሚያጠግብ ሽሮና በየዓይነቱ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ያለፈ አትጠብቁ። ቦሌ ክትፎውም ፒዛውም አለ፤ ሜኑው ላይ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቁ ግን አትዘዙ።

የእኔ ምርጫ ፒያሳ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ በአንድ ታክሲ ትወርዳላችሁ። ፒያሳ የድሮዋ አይደለችም፤ በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሰፈርን ጨምሮ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ቁርጥ የምንበላበት ደንበኛ ቤታችንም አብሮ ሄደ። ቶሞካ ቡና ቤት ግን በአውሮፓውያኑ 1953 እንደተጀመረ ዛሬም ቆመው የሚጠጡት ማኪያቶ አለው፤ ለስጦታ የሚሆን የተቆላ ቡናም እዚያው በመዓዛው መርጣችሁ ትገዛላችሁ። የወርቅ ገዢ ከሆናችሁ ካራቱ ዕቃው ላይ ተመትቶ እንዳለና በስንት ግራም እንደተሰላ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

እንግዲህ አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ ጠዋት 3 ሰዓት ሽሮ ሜዳ፣ 7 ሰዓት ፒያሳ ምሳና ቡና፤ አመሻሽ ላይ የቀረ ነገር ካለ ቦሌ። መርካቶን በዚህ ዙር ውስጥ የሚያስገባ ሰው አንዱንም በወጉ አያይም፤ መርካቶ ራሱ ሙሉ ጠዋት ይበላል። እሱን ከመረጣችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ቅዳሜ መፈናፈኛ የለም፤ ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ የሚዘጋ ሱቅ ብዙ ነው፤ እሁድ ደግሞ አብዛኛው ዝግ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም እንግዳ ካላችሁም ክትፎውን ለሌላ ቀን አድርጉትና በየዓይነቱ ጎበዝ የሆነ ቤት ከወዲሁ ጠይቁ።