የሳልባትዮ መስመር አልፈታ ሲል የትኛውን መፍቻ እንግዛ?

ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ጭኖ ባሕር ዳር የሚመላለስ አሮጌ አይሱዙ አለኝ። ባለፈው ክረምት ሳልባትዮው (የናፍታ ታንከሩ) ከሥር ዝጎ ናፍታ ማንጠባጠብ ጀመረ። ውኃ ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ዝገቱም ከዚያ ይነሳል። አዲስ ገዛሁና በግማሽ ቀን ይቀየራል ብዬ ጋራዥ አስገባሁት። ሁለት ቀን ፈጀ።

ያስቸገረን ናፍታ የሚወስደውና የሚመልሰው ቀጭን የብረት መስመር ነው። መካኒኩ በተራ መፍቻ ሲታገል መስመሩን የሚያስረው ዳዶ ማዕዘኑ ተበላ። ቱቦው አብሮ ተጠመዘዘና ተሰነጠቀ። እስከ ፊልትሮው ያለውን መስመር በሙሉ ለመቀየር ተገደድኩ። ከወጪው ይልቅ ያንገበገበኝ በገበያ ሰሞን መኪናው መቆሙ ነው። ከዚያ በኋላ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየገዛሁ ሞከርኳቸው።

አፉ ክፍት የሆነው ተራ መፍቻ ዳዶውን የሚይዘው በሁለት ጎን ብቻ ነው። የዛገ ዳዶ ላይ ጉልበት ሲጨመር አፉ ይከፈትና ማዕዘኑን ይበላዋል። ሙሉ ቀለበት መፍቻ ዙሪያውን ይይዛል፤ ግን ቱቦው መሀል ስላለ ማስገባት አይቻልም። የሁለቱን ችግር የሚፈታው ቀለበቱ ላይ ቱቦ የሚያሾልክ ክፍተት ያለው መፍቻ ነው። ከስድስቱ የዳዶ ማዕዘን አምስቱን ይይዛል። ሱቅ ስትገቡ የፍሬን ቱቦ መፍቻ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለፍሬኑም ለነዳጁም መስመር የሚያገለግለው ያው ነው። በዋጋ ከተራው ይወደዳል። ለኔ ግን በአንድ ሥራ ዋጋውን መልሷል።

ስትገዙ ውስጡን እዩት። ስድስት ማዕዘን ያለው የዛገ ዳዶ ላይ ከአሥራ ሁለት ማዕዘኑ የተሻለ ይነክሳል። የቀለበቱን ከንፈር ውፍረትም በጣታችሁ ያዙት። ቀጭን ከሆነ ጉልበት ሲያርፍበት ይከፈትና ከተራው አይሻልም። ክሮም ቫናዲየም (የጠንካራ ብረት ዓይነት) የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ማንም ሊቀርጸው ይችላል። ብዙ ቁጥር ያለው ርካሽ ስብስብ ከመግዛት የመኪናችሁን ዳዶ ለክታችሁ ሁለት ጥሩ መፍቻ ግዙ። የጃፓን መኪና ላይ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። ሁለት ያልኩት በምክንያት ነው። በአንዱ ዳዶው የሚገባበትን ተቀባይ ትይዛላችሁ፤ በሌላው ዳዶውን ታዞራላችሁ። የኔ ቱቦ የተጠመዘዘው ይህ ስላልተደረገ ነው።

ተቆላፊ ፒንሳ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ይይዛል፣ ግን ዳዶውን ያበላሸዋል። ዳዶውን ለመጣል ከወሰናችሁ ብቻ አውጡት።

አዳዲስ ፒክአፖች ላይ ግን ዳዶ ላታገኙ ትችላላችሁ። መስመሩ በፕላስቲክ ማያያዣ ጠቅ ብሎ የሚገባ ነው። እዚህ ጠላታችሁ ዝገት ሳይሆን አቧራ ነው። በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ መኪና ማያያዣው ውስጥ አፈር ይጠቀጠቅበታል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃና በብሩሽ እጠቡት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ ጥርሱ ሲላላ መላቀቂያ የሚባለውን መሣሪያ አስገብታችሁ ሳቡ። መላቀቂያው ሁለት ዓይነት ነው። የፕላስቲኩ ቀለበት ርካሽ ነው፤ ለንጹሕ መኪና ይበቃል፣ አፈር የያዘው ላይ ግን ይታጠፋል። እንደ መቀስ ያለው የብረት ዓይነት ይወደዳል፤ ጠባብ ቦታ ግን ይደርሳል። ፒክአፕ ላይ ማያያዣው ከሳልባትዮው በላይ ስለሚደበቅ እኔ ብረቱን እመርጣለሁ። እጃችሁ ካልደረሰ ሳልባትዮውን በክሪክ ደግፋችሁ ማሰሪያውን አላሉት፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ቦታ ይከፈታል።

ለዛገ ዳዶ የሚረጨውን በተመለከተ፣ ሁሉም የሚያውቀው ደብሊው ዲ 40 መጀመሪያ የተሠራው እርጥበት ለማባረር ነው። ይረዳል። ለዝገት ማላቀቂያ ተብሎ የተሠራ ዘይት ካገኛችሁ ግን እሱን አስቀድሙ። ማታ ረጭታችሁ ጠዋት ፍቱ። ከመርጨቱ ይልቅ ማሳደሩ ነው የሚሠራው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው የያዘ ዳዶ በእሳት ያሞቃል። የነዳጅ መስመር ላይ በፍጹም አታድርጉት! ናፍታ የሚቀጣጠል ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ የእሳት ነበልባል ይህን ወዲያው ያልፈዋል። ቤንዚን ደግሞ በባሕር ዳር ጥላ ሥር እንኳ ይተናል። ባዶ ሳልባትዮ በተን ስለሚሞላ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። በቤንዚን መኪና መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ ሞተሩን አስነሱና እስኪጠፋ ጠብቁ፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። ከዚያ በየትኛውም መኪና መስመሩን ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና መኪናችሁ አሮጌ ናፍታ ከሆነ፣ ክፍተት ያለውን ቀለበት መፍቻ ግዙ። ፒክአፕ ካላችሁ የብረቱን መላቀቂያ ግዙ። የተፈታውን መስመር አፍ በንጹሕ ፕላስቲክ መድፈን አትርሱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለናፍታ ፖምፓ ብዙ ናት።