ቦ ወይስ ሙራማሳ? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። ጓደኞቼ የጃፓን ተረት ያለበት፣ እየዘለሉ የሚጫወቱት፣ ሥዕሉ በእጅ የተሠራ ጌም ይፈልጉና «ሙራማሳን ልግዛ ወይስ ቦን?» ይሉኛል። መልሴን አላቆያችሁም፦ ቦን ግዙ። ሙራማሳን እወደዋለሁ፤ በውበቱም አልከራከርም። ግን እሱን ለመጫወት መጀመሪያ ያረጀ ማሽን መግዛት አለባችሁ፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከዋጋው እንነሳ። ቦ፣ ሙሉ ስሙ «ቦ፦ ፓዝ ኦፍ ዘ ቲል ሎተስ»፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ነው። የሠራው ስኩዊድ ሾክ የሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ነው። መደበኛ ዋጋው 19.99 ዶላር ነው። በፒሲ፣ በስዊች፣ በፒኤስ5 እና በአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ይሠራል። ፒኤስ4 ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የማሽናችሁ ስም መሸጫ ገጹ ላይ መኖሩን እዩ። ደህና ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ሌላ ማሽን መግዛት አያስፈልገውም። ስቲም በሚባለው የፒሲ ጌም መሸጫ ላይ ደግሞ በዓመት ውስጥ ትልልቅ የቅናሽ ወቅቶች አሉ። የማይቸኩል ሰው ጌሙን ዊሽሊስት ውስጥ ከትቶ ይጠብቅ፤ ዋጋው ሲወርድ ኢሜይል ይደርሰዋል። እኔ ማንንም ጓደኛዬን «በሙሉ ዋጋ ግዛ» ብዬ አላውቅም።

ሙራማሳ ሌላ ሒሳብ ነው። ቫኒላዌር የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዊ ለሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን አወጣው። በ2013 ደግሞ «ሙራማሳ ሪበርዝ» ተብሎ በእጅ ለሚያዘው ፕሌይስቴሽን ቪታ ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ማሽን አልተሻገረም። ፒሲ የለም፣ ፒኤስ4 የለም፣ ስዊች የለም። የቪታ ምርት ራሱ በ2019 ቆሟል። ስለዚህ የምትገዙት ያገለገለ ቪታ ነው፤ ደህናው ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። የጌሙ ካርድ ለብቻው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከቦ ዋጋ ይበልጣል። ሚሞሪውም ለብቻው ነው፤ ቪታ እንደ ስልክ ያገኘነውን ካርድ አይቀበልም፤ የሚወስደው የራሱን ብቻ ነው። ሦስቱን ደምሩና በዛሬው ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሩት። ከዚያ ላይ ከውጭ ይዞላችሁ ለሚመጣው ሰው የምትከፍሉትን ጨምሩ። በዚያ ገንዘብ ቦንም ጥሩ ጆይስቲክም ገዝታችሁ ይተርፋችኋል።

ወጪው በዚህ አያበቃም። የቪታው ስሪት «ገንሮኩ ሌጀንድስ» የሚባሉ አራት ተጨማሪ ታሪኮች አሉት። እንደኔ ከዋናው ታሪክ የሚበልጡት እነሱ ናቸው፤ አንዷ ድመት የጌታዋን ቤት ደም ስትመልስ፣ አንድ ገበሬ መሣሪያ አንስቶ ሲያምፅ ታያላችሁ። ግን ለየብቻ ነው የሚሸጡት፤ ያሉት በቪታ የኢንተርኔት መደብር ላይ ነው። ያ መደብር ደግሞ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የባንክ ካርድና ፔይፓል አይቀበልም። በሌላ መንገድ አካውንቱ ላይ ገንዘብ መሙላት አለባችሁ። የአካውንታችሁ አገርና የጌም ካርዱ አገርም መግጠም አለበት። የአሜሪካን ካርድ ይዞ በአውሮፓ አካውንት ተጨማሪውን የገዛ ሰው ብሩን ከፍሎ ታሪኩን ሳይከፍት ይቀራል።

አሁን ወደ ጥገናው ልምጣ፤ እኔን በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ለሙራማሳ ብሎ ያገለገለ ቪታ ገዛ። ሻጩ «አዲስ ማለት ነው፣ ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም» ብሎታል። ማሽኑ ቤት ሲደርስ ጀርባው በትንሹ ወጣ ብሎ ነበር። ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ሚሞሪው ደግሞ የቪታ ካርድ አልነበረም፤ በማስተላለፊያ (አዳፕተር) የተሰካ የስልክ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፤ እውነተኛው መጠኑ ግን የዚያ ሩብ እንኳ አልነበረም። እንደዚህ ዓይነት ፎርጅድ ካርድ እስኪሞላ ድረስ ደህና ይመስላል። ከሞላ በኋላ ምንም ሳይነግራችሁ በቀድሞው ላይ ይጽፋል። ልጁ ብዙ የደከመበት ሴቭ በዚህ ጠፋ።

ጥገና ቤት ወሰድነው። ስልክ የሚጠግኑ ልጆች እጃቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ዕቃው ነው። የቪታ ባትሪ አገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። የተገኘው «ኦሪጅናል» የተባለ ኮፒ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋ ነበር። ቀጥሎ የግራው ማንሻ ራሱን ችሎ ወደ ጎን መሳብ ጀመረ። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቁሟል። ልጁ በመጨረሻ ለጥገና ያወጣው ገንዘብ ለማሽኑ ካወጣው ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቪታ ካልገዛሁ» የሚል አይጠፋም። እሺ፤ ቢያንስ እንዲህ አድርጉ። ማሽኑን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና በጣት ማዕዘኑን ነካ አድርጉት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ባትሪው አብጧልና ተዉት። ሁለት ዓይነት ቪታ አለ። የመጀመሪያው ወፍራሙ ኦሌድ ስክሪን አለው፤ የሙራማሳ ቀለም በእሱ ላይ ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ስክሪኑ ሲያረጅ ጨለማ ትዕይንት ላይ ነጠብጣብ ያሳያል፤ የቻርጀር ገመዱም የራሱ ብቻ ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ አበቃ። ሁለተኛው ቀጭኑ ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ቢልም የሚሞላው በድሮው የስልክ ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ያ ገመድ የትም ሱቅ አለ። እኔ ብሆን ቀጭኑን ነው የምወስደው። ሚሞሪ በማስተላለፊያ ከሰጧችሁ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ «ኤች2ቴስት ደብሊው» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሹት። እውነተኛ መጠኑን ያወጣዋል። ሻጩ እስክትፈትሹ አልጠብቅም ካለ መልሱን አገኛችሁ።

«ዊውስ ይረክሳል አይደል?» የሚለኝም አለ። ይረክሳል፤ ግን ከአሜሪካ የሚመጣው ዊ ቻርጀሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ያቃጥለዋል። ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ወይም የአውሮፓ ቻርጀር መግዛት የግድ ነው። ዊ በአገርም የተቆለፈ ነው፤ የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓን ዲስክ አያነብም። ኮፒ ዲስክ ደግሞ በጭራሽ። ያረጀው የዲስክ ማንበቢያ በተጻፈ ዲስክ ሲንገታገት ቆይቶ ኦሪጅናሉንም ማንበብ ያቆማል።

ጨዋታቸውስ? እዚህ ላይም ሚዛኔ ወደ ቦ ያደላል፤ ምክንያቱ ዝላይ ነው። ቦ ከሰማይ የወደቀች አበባ ናት፤ መልኳ የቀበሮ ነው፤ በእጇ ዱላ ይዛለች። አየር ላይ እያላችሁ አንድ ነገር ስትመቱ ዝላያችሁ ይታደሳል። ምታ፣ ዝለል፣ እንደገና ምታ፣ እንደገና ዝለል። እጃችሁ ከገባው በኋላ መሬት ሳትነኩ ረጅም መንገድ ታቋርጣላችሁ። ስትመቱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሻይ ይሞላል፤ ሻዩን ቁስል ለማዳን ወይም የዳሩማ አሻንጉሊቶቹን ኃይል ለመጥራት ታውሉታላችሁ። ስለዚህ የሚፈራ ሰው ሻይ አያገኝም፤ ጌሙ ወደ ጠላት እንድትጠጉ ይገፋችኋል። ይህ አሠራር በጣም ይመቸኛል።

ጓደኞቼ በቦ ላይ የሚያነሱት ቅሬታም እውነት ነው። አንዳንድ የዝላይ ቦታዎች በድንገት ይከብዳሉ። አንደኛው ጓደኛዬ እዚያ ላይ ተናዶ ለሳምንታት ተወው። ካርታውም እንደምፈልገው አይረዳም፤ የት እንደነበራችሁ ማስታወስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት መቶ ሰዓት የሚፈጅ ጌም ለለመደ ሰው አጭር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ልኩ ነው፤ የሚደጋገም ነገር የለውም።

ሙራማሳ ላይ ግን የምትደጋግሙት መንገድ ብዙ ነው። ሞሞሂሜና ኪሱኬ የሚባሉ ሁለት ባለታሪኮች አሉ፤ ዘመኑ በጃፓን ታሪክ ገንሮኩ የሚባለው ነው፤ ሾጉኑ፣ ማለትም አገሩን የሚገዛው የጦር አለቃ፣ ጹናዮሺ ነው። ፍልሚያው ድንቅ ነው። ሦስት ጎራዴ ትታጠቃላችሁ፤ በመከላከል ብዛት አንዱ ይሰበራል፤ ወደ ሰገባው መልሳችሁ ሌላውን ስትመዙ የተሰበረው ቀስ በቀስ ያገግማል። ጎራዴዎቹ በአጠቃላይ 108 ናቸው። ምግቡ ደግሞ ሌላ ነው፤ ኑድልና ዳንጎ (የሩዝ ዱቄት ድቡልቡል) ተቀምጣችሁ ስትበሉ እያንዳንዱ ጉርሻ ተስሏል፤ ከምግቡ የሚገኘው መንፈስም ጎራዴ ለማሠራት ያገለግላል። በፍልሚያና በፍልሚያ መሀል ያለው ግን ባዶ ሜዳ ነው። ዝላዩ ለጌጥ ያህል ነው። ውብ በሆነ ጫካ ትሮጣላችሁ፣ ያንኑ ጫካ መልሳችሁ ትሮጣላችሁ። የጠየቃችሁኝ የዝላይ ጌም ከሆነ ሙራማሳ መልሱ አይደለም።

ተረቱን እንረዳው ይሆን ብላችሁ አትስጉ። ቅርጹን የሚለውጥ ቀበሮ በጃፓን ተረት ውስጥ ያለው ቦታ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው በእኛ ተረት ውስጥ ካለው ብዙ አይርቅም። ከቤተ መቅደስ የሚገዛው ኦማሞሪም ክታብ ነው፤ ቦ ላይ እሱን እያነገታችሁ ልዩ ልዩ ችሎታ ታገኛላችሁ። ሙራማሳ በዚህ በኩል ጠለቅ ይላል። የነጎድጓዱ አምላክ ራይጂን ፊት ለፊት ሲቆም የሚሰማችሁን ቦ አይሰጣችሁም።

ቦን ስትገዙም ጠንቀቅ በሉ። በፍላሽ የሚሸጠውን ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረ ሕገወጥ ኮፒ፣ አትንኩ። የሚዞረው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የወጣው ስሪት ነው። ከዚያ በኋላ የተስተካከሉ ችግሮች እሱ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ፤ እድሳት አይወስድም። ከዚህ የባሰው «የጋራ አካውንት» የሚሉት ነው። በርካሽ ስምና ፓስወርድ ይሰጧችኋል፤ ወር ሳይሞላ ፓስወርዱ ይቀየራል። ያ ርካሽ አይደለም፤ ገንዘባችሁን መጣል ነው።

ስቲም በብር አይሸጥም፤ ለብዙ ሰው ትልቁ ደንቃራ ይህ ነው። ደላላ የሚሸጠው የስጦታ ካርድ ላይ የሚጨመረው ትርፍ ያበሳጫል። ከመስማማታችሁ በፊት አንዱን ዶላር ስንት እንዳስገባባችሁ አስሉ። ውጭ ዘመድ ካላችሁ ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ፤ ዲጂታል የስጦታ ካርድ በቀጥታ ወደ አካውንታችሁ ይልኩላችኋል። ለዚያ ስቲም ላይ ቢያንስ ለሦስት ቀን ጓደኛሞች ሆናችሁ መቆየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅናሹ ሊያልቅ ሲል አትሯሯጡ፤ ጓደኝነቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ገዝታችሁ ላፕቶፓችሁ ካልቻለው ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ፣ ገንዘቡ ይመለሳል። ያገለገለ ቪታ የሸጠላችሁ ሰው ይህን አያደርግም።

ቦን በኪቦርድ አትጫወቱት፤ ጣት ይጠላለፋል። ጆይስቲክ ስትገዙ የፒኤስ4 ፎርጅዱን ተዉት። ከባድ ዝላይ ላይ ቁልፉ ዘግይቶ ሲመልስ ጥፋቱ የእናንተ ይመስላችኋል። ኦሪጅናሉም ቢሆን ማንሻው ውስጥ የሚፋተግ ክፍል ስላለው በጊዜ ይበላል። በአልኮል ማጽዳት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ መፍትሔው ፈትቶ፣ በሶልደር አንስቶ መቀየር ነው። «ሆል ኢፌክት» የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። በማግኔት ስለሚሠራ እንደዚያ አይበላም። ባለ ገመዱ ከ20 እስከ 30 ዶላር ይገኛል።

ከባድ ዝላይ ጭራሽ የማይሆንላችሁ ካላችሁ «ኦካሚ ኤችዲ»ን እዩት። እሱም 19.99 ዶላር ነው፤ በቅናሽ ከ10 ዶላር በታች ይወርዳል፤ ፒኤስ4 ላይም አለ። ተኩላ ሆናችሁ በብሩሽ እየሳላችሁ ዓለምን ታድናላችሁ። ፒሲ ላይ ብሩሹን በማውዝ ስትይዙት በጣም ይመቻል። መግቢያው ላይ ወሬ ይበዛበታል፤ ታገሱት።

ሙራማሳን ግዙ የምለው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆኖ፣ በደንብ የሚሠራ ዊ ወይም ቪታ ቀድሞውኑ ቤቱ ላለው። እሱ የሚያወጣው የጌሙን ዋጋ ብቻ ነው። ከቻለ የቪታውን ስሪት ይምረጥ፤ ትርጉሙ እንደ አዲስ ስለተሠራ ንግግሩ ከዊው ይሻላል።