የለገጣፎው የሼትላንድ ጉዞ፦ እሳቱን ይዞ ድንጋዩን የዘለለ ጥቅል

ለገጣፎ ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ የሚሸጠው ይህ ጉዞ የሚያነጣጥረው ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ዋና ከተማ፣ በሌርዊክ፣ በሚከበረው የእሳት በዓል፣ በአፕ ሄሊ አ ላይ ነው። ምርጫው ግሩም ነው። በዓሉ የሚውለው በጃንዋሪ የመጨረሻ ማክሰኞ በመሆኑ ከጥምቀት በኋላ፣ አስተርዮ ማርያም ግድም ይገጥማል። የቪዛ ፋይል አያያዛቸውም የሚያስመሰግን ነው። ደሴቶቹ የብሪታኒያ ስለሆኑ ሸንገን አያስገባም፤ ማመልከቻው ከጉዞው 3 ወር በፊት ይጀመራል፤ ኅዳር ላይ አሻራ የሰጠ አይጨናነቅም።

ችግሩ የቀኑ አያያዝ ነው። ጥቅሉ ሰኞ ጠዋት ሌርዊክ ያስገባል። ከስኮትላንድ ወደብ ከአበርዲን የሚነሳው መርከብ ሌሊቱን 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይጓዛል፤ በመንገዱ ያሉት የኦርክኒ ደሴቶች ላይ ከቆመ ይረዝማል። በብርዱ ወራት ማዕበል ሲያዘገየው በዓሉ አይጠብቅም፤ በአየር ጠባይ ምክንያት ወደ ሌላ ቀን አይተላለፍምና። ስለዚህ ቅዳሜ መግባት የግድ ነው። የሚይዙት ደግሞ ወንበር ብቻ ነው። ጨምሮ አልጋ መያዝ ያዋጣል፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒትም መርከቡ ሳይነሳ ይዋጥ፣ ማዕበሉ ከጀመረ ሆድ አይቀበለውም።

ምሽት 1፡30 (ፕሮግራሙ ላይ 19፡30 ተብሎ ይጻፋል) የመንገዱ መብራት ይጠፋና ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ችቦ ይዞ ይወጣል። ችቦው እንደ ደመራችን ጭራሮ አይደለም፤ እንጨት ጫፍ ላይ የተጠቀለለ፣ ላምባ የጠጣ ጆንያ ነው። ፍንጣሪው ናይለን ስለሚበሳ ከላይ አሮጌ የሱፍ ካፖርት ይደረብ። የእንጦጦን ብርድ የለመደም ቢሆን ጋቢ ይበቃኛል አይበል፤ የሚጎዳው ዝናብ የያዘው ነፋስ ነው። ለበዓሉ የተሠራው የቫይኪንጎች፣ የጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ መርከብ አምሳያ በችቦዎቹ ከተቃጠለ በኋላ በየአዳራሹ እስኪነጋ ይደገሳል፤ ለዚያ የተለየ ትኬት ወይም ግብዣ ያስፈልጋል፣ ጥቅሉ ውስጥ የለም። በጨው የደረቀ የበግ ሥጋ ሾርባቸው ቋንጣ ለሚወድ ይጥማል፤ ጿሚ ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ረቡዕ መግባቱን አይርሳ።

የሚያሳዝነው የጥንቱ የድንጋይ ፍርስራሽ፣ የጃርልሾፍ፣ መዘለል ነው። የእሳቱ በዓል በዛሬ መልኩ የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ የቫይኪንጎቹ የራሳቸው ቤት መሠረት ያለው ግን ጃርልሾፍ ነው፣ ከሌርዊክ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰምበር አየር ማረፊያ አጠገብ። የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ቀዳማዊ ክርስቲያን ልጁን ለስኮትላንድ ንጉሥ ሲድር፣ ቃል የገባው ገንዘብ አጥሮት በ1469 እ.ኤ.አ. ሼትላንድን መያዣ እስኪሰጥ ድረስ ደሴቶቹ በኖርዌይ ዘውድ ሥር ነበሩ። አውቶቡስ ከሌርዊክ ወደዚያው ይሄዳል። ቅዳሜ የገባ ሰው ሰኞን ለዚህ ያውል፤ 10 ሰዓት ግድም ስለሚመሽ ጠዋት ይነሳ፣ የጎብኚዎች ቤቱ በብርዱ ወራት ሊዘጋ ስለሚችልም አስቀድሞ ይጠይቅ።