ጎንደር ላይ «የብጉር ፓኬጅ» ለምትገዙ፦ ተጠንቀቁ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ጎረምሳና ኮረዳ ልጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ።

የእህቴ ልጅ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት «የብጉር ፓኬጅ» የሚሉትን 2800 ብር ከፍላ ገዛች። ሳሙና፣ በጥጥ የሚጠረግ ፈሳሽና የማታ ክሬም ነው። «በሳምንት ፊትሽ ጥርት ይላል» ተባለች። እውነትም ጠራ፤ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ክሬሙ ሲያልቅ ግን ፊቷ ቀላ፣ ያቃጥላት ጀመር፣ ብጉሩም ከበፊቱ ብሶ ጉንጯን ሞላው። ሻጯ ጋ ስትመለስ ያገኘችው መልስ «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ሁለተኛ ዙር ውሰጂ» የሚል ነው። ብር መመለስማ የማይታሰብ።

ክሬሙን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «ማታ» ተብሎ ተጽፏል። በቃ። ማን እንደሠራው የለም። ምን እንዳለበት የለም። የሚያበቃበት ቀንም የለም። ይሄ እኮ የሰው ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ነው!

ያየቻት የቆዳ ሐኪም ምልክቱ የስቴሮይድ ነው አለች። እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉት ማለት ነው። እነዚህ ለኤግዚማና ለመሳሰለው የቆዳ ሕመም ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። መቅላትና እብጠትን ቶሎ ስለሚያጠፉ ፊት የዳነ ይመስላል። ብጉሩን ያመጣው ወዝና የተደፈነ ቀዳዳ ግን እዚያው ነው። ሲቆዩ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ራሳቸውም ብጉር ያወጣሉ። ስለዚህ በቀናት ውስጥ ብጉር ድራሹን አጠፋለሁ የሚል ስም የለሽ ክሬም ካጋጠማችሁ አትንኩት። ትክክለኛው መድኃኒት እንኳ ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

የሚያስቆጨኝ፣ ለብጉር የሚሆነው የየዕለት እንክብካቤ ይህን ያህል ውስብስብ አለመሆኑ ነው። ጠዋትና ማታ በለስላሳ የፊት መታጠቢያ መታጠብ፣ ሳይፈትጉ። ቅባት የሌለው ማለስለሻ። ቀን ቀን ኤስፒኤፍ (ፀሐይ የመከላከል አቅሙ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሳንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ስለሚበረታ ብጉር የተወውን ጥቁር ምልክት ያባብሰዋል። መድኃኒቱን ከፋርማሲ፣ እሽጉ ሳይከፈት ግዙ፦ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ፣ አልያም አዳፓሊን 0.1 በመቶ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያደርቃል፣ ስለዚህ በስሱ ቀቡት። ቤንዞይል ጨርቅ ያነጣል፤ የነጠላችሁን ጥለትና የትራስ ልብሳችሁን ጠብቁ። እርጉዝ የሆነች ደግሞ አዳፓሊን አትጠቀም። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ፊት ላይ መቀባቱም ይቅር፣ ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

ብጉሩ ትልልቅና የሚያም ከሆነ፣ ወይም ጠባሳ እየተወ ከሆነ፣ በየሱቁ ብር አታባክኑ። ቀጥታ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ያንን «ማታ» የተባለውን ክሬም ጀምራችሁ ከሆነ ዕቃውን አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት። በተለይ ለወራት ስትቀቡት ከነበረ፣ ስታቆሙ ሊብስባችሁ ስለሚችል እንዴት እንደምታቆሙት እሱ ይንገራችሁ። ሻጯ «ሁለተኛ ዙር» ብትላችሁ ግን እሺ እንዳትሉ።