ቁጥር 20፣ ጀርባው ላይ ስም የሌለው፦ የፓውሎ ሮሲን የ82 ማሊያ ገዝቼ ያየሁት

የጣሊያኑን አጥቂ የፓውሎ ሮሲን የ1982 የአለም ዋንጫ ሰማያዊ ማሊያ ሬትሮ፣ ማለትም የድሮውን አስመስሎ የተሰራውን፣ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው ይሄን የምፅፈው፣ እኔ ሁለቴ ነው የገዛሁት፣ የመጀመሪያውን መለስኩት ሁለተኛው ነው አሁን ቤቴ ያለው፣ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ሻጮቹ በሚለጥፉት ፎቶ ላይ ቶሎ አይያዝም፣ እጃችሁ ሲገባ ነው የሚታወቀው።

የመጀመሪያውን ኦንላይን ነው ያገኘሁት፣ የሻጩን ስም አልጠራም። ፎቶው ላይ የፊት ለፊቱ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ከፌስታሉ ሳወጣው ግን ጀርባው ላይ ከቁጥሩ በላይ በትልቁ "ሮሲ" የሚል ታትሞበታል። በጣም ነው የከፋኝ። በ82 እኮ ማሊያ ላይ የተጫዋች ስም የሚባል ነገር የለም፣ በአለም ዋንጫ ጀርባ ላይ ስም የተጀመረው በ1994 አሜሪካ ላይ ነው። ገልብጬ ደረቱን ሳየው ደግሞ አርማው ላይ ሶስት ኮከብ ተጠልፏል። ሶስቱ ኮከብ የመጣው እነ ሮሲ ማድሪድ ላይ ሶስተኛውን ዋንጫ ካነሱ በኋላ ነው፣ ታዲያ ዋንጫውን ሊያመጡ ሲሄዱ የለበሱት ማሊያ ላይ ከየት መጣ? ለሻጩ ፃፍኩለት፣ ለጌጥ ነው አለኝ። ተከራክሬ ገንዘቤን መለሰልኝ፣ የመላኪያውን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት።

ለምን እንደዚህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። የዚያ ማሊያ ታሪክ ስምም ኮከብም አለመኖሩ ነው። ሮሲ ወደ ስፔን ሲሄድ ስሙ እንኳን ማሊያ ላይ ሊፃፍ፣ ጋዜጣው ሁሉ ለምን ተመረጠ እያለ ነበር የሚጠራው።

ሰውየው በ1956 ፕራቶ ነው የተወለደው፣ ቱስካኒ ውስጥ። ዩቬንቱስ በልጅነቱ ወሰደው፣ ግን ጉልበቱ አስቸገረው፣ ገና በወጣትነቱ ሜኒስከሱን፣ የጉልበቱን ልስልስ አጥንት፣ ደጋግሞ ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ ኮሞ በውሰት ሄዶም ብዙ አልሆነለትም። የተገለጠው ቪቼንዛ ሲሄድ ነው። ጆቫን ባቲስታ ፋብሪ የሚባል አሰልጣኝ ከመስመር አንስቶ መሀል አጥቂ አደረገው፣ በቃ፣ በ1976/77 ሁለተኛው ሊግ ሴሪ ቢ ላይ 21 ጎል፣ በሚቀጥለው አመት ዋናው ሊግ ሴሪ አ ላይ 24 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ፣ ከታች የመጣ ትንሽ ቡድን ከዩቬንቱስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በ78 የአርጀንቲናው አለም ዋንጫ ላይ ሶስት አግብቶ ፓብሊቶ የሚለውን ቅፅል ስም ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ወደቀ። ቪቼንዛ በ79 ወረደ፣ እሱ በውሰት ፔሩጂያ ገባ፣ በ1980 ደግሞ ጣሊያንን ያናወጠው የውርርድ ቅሌት መጣ። እሱ የተከሰሰበት ፔሩጂያ ከአቬሊኖ 2 ለ 2 የተለያየበት ጨዋታ ነው፣ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነበር። ሶስት አመት ታገደ፣ በይግባኝ ሁለት ሆነለት። እስኪሞት ድረስ ንፁህ ነኝ ነው ያለው። ያኔ እድሜው 23 ነው፣ የአውሮፓ ዋንጫ እዚያው አገሩ ላይ ሲካሄድ ተመልካች ሆነ፣ ለአጥቂ ምርጥ የሚባሉት ሁለት አመታት ያለ ጨዋታ አለፉ። በ82 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቅጣቱ ሲያልቅ ለዩቬንቱስ የሊጉን የመጨረሻ ሶስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ኤንዞ ቤርዞት ግን በዚያው ወደ ስፔን ወሰደው፣ የሴሪ አውን ኮከብ ግብ አግቢ የሮማውን ሮቤርቶ ፕሩዞን ቤቱ ትቶ። ህዝቡ ቢቆጣ አይገርመኝም፣ እኔም ያኔ ብኖር የምቆጣ ይመስለኛል።

ወደ ማሊያው ልመለስ። ሁለተኛው ከጣሊያን ነው የመጣው፣ 85 ዩሮ ከነመላኪያው፣ ርካሽ አይደለም። ግን ሰሪዎቹ የዘመኑን ፎቶ ቁጭ ብለው እንዳዩ ያስታውቃል። ደረቱ በግራ በኩል የፌዴሬሽኑ አርማ ብቻ ነው ያለው፣ ኮከብ የለም፣ በቀኝ በኩል ምንም የለም፣ የአምራች ምልክት እንኳን አልለጠፉበትም፣ የያኔ ፎቶዎች ላይም እንደዚያው ነው። ኮሌታው ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነጭ ቀይ መስመር ዞሮታል፣ የእጅጌው ጫፍም እንደዚያው፣ መስመሩ ተሸምኖ የገባ ነው እንጂ የታተመ አይደለም፣ ጥፍሬን አሳልፌበት አይቻለሁ። ሰማያዊውም ልክ ነው፣ የአሁኖቹ የሚያንፀባርቁት አይነት ሳይሆን ትንሽ ጠለቅ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ።

ጀርባው ላይ ነጭ 20 ብቻ። ቁጥሩ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፣ እና ዙሪያውን ክሩ ይታያል። ይሄ 20 ራሱ የሚገርም ነው፣ ምክንያቱም የተመረጠ ቁጥር አይደለም፣ ጣሊያኖቹ ቁጥሩን ያከፋፈሉት በተጫዋቾቹ ቦታና በስም ፊደል ተራ ነበር፣ አጥቂዎቹ ጋ ሲደርስ አልቶቤሊ 18፣ ግራዚያኒ 19፣ ሮሲ 20፣ ሴልቫጂ 21 ሆነ። በ78 አርጀንቲና ላይ ደግሞ 21 ነበር የለበሰው። እና አሁን ሰው 20 ሲያይ ጣሊያንና ሮሲ ትዝ የሚለው በተራ የደረሰችው ቁጥር በስድስት ጎል ስለከበረች ነው።

ስድስቱም ጎል የመጣው በሰባት ቀን ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ቪጎ ላይ በምድቡ ሶስት አቻ፣ ከፖላንድ 0 ለ 0፣ ከፔሩ 1 ለ 1፣ ከካሜሩን 1 ለ 1፣ ሮሲ ምንም የለም፣ ሲሮጥ ራሱ እግሩ ከሀሳቡ የዘገየ ይመስላል፣ ቡድኑ ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር አቆመ። ባርሴሎና ላይ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ሲያሸንፉም ያገቡት ታርዴሊና ካብሪኒ ናቸው። ቤርዞት ግን አሁንም አላወጣውም። ከዚያ በፈረንጆቹ ጁላይ 5 ደረሰ፣ ሳሪያ ስታዲየም፣ ብራዚል።

ያንን ጨዋታ ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። ለብራዚል ለማለፍ አቻ ይበቃታል፣ ዚኮ፣ ሶቅራጥስ፣ ፋልካኦ፣ ሴሬዞ ያሉበት ቡድን ነው። በ5ኛው ደቂቃ ካብሪኒ ከግራ አሻገረ፣ ሮሲ ማንም ሳያየው ከሩቁ ጎን መጥቶ በግንባሩ። ሶቅራጥስ በ12ኛው አቻ አደረገ። በ25ኛው ሴሬዞ የራሱ ሜዳ ላይ ወደ ጎን ያቀበላትን ኳስ ሮሲ ቀድሞ ደርሶ ወሰዳትና መታት። ፋልካኦ በ68ኛው 2 ለ 2 ሲያደርገው ሁሉም አበቃ ብሎ ነበር፣ በ74ኛው ከማዕዘን ምት የተመለሰችውን ታርዴሊ ሲመታ ሮሲ ጎሉ አፍ ላይ አቅጣጫዋን ቀየራት፣ 3 ለ 2። ሶስቱንም ጎል እዩአቸው፣ ጉልበት የለባቸውም፣ አንድም ሰው አታሎ አላለፈም፣ ኳሱ ከመድረሱ በፊት እሱ ደርሷል፣ ያ ነው ሙያው። ሁለት አመት ያልተጫወተ ሰው ፍጥነቱን ሊያጣ ይችላል፣ ኳሷ የት እንደምትወድቅ ማወቁን ግን ማንም ሊያግድበት አልቻለም።

ግማሽ ፍፃሜ ላይ ካምፕ ኑ ፖላንድን 2 ለ 0፣ ሁለቱም የሮሲ። ማድሪድ ላይ ፍፃሜውን ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 1፣ ካብሪኒ ፔናሊቲ ስቶ ነበር፣ በ57ኛው ደቂቃ ጀንቲሌ ያሻገረውን ሮሲ በግንባሩ ከፈተው፣ ከዚያ ታርዴሊና አልቶቤሊ ጨመሩ። የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ፣ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች፣ አመቱ ሲያልቅ ደግሞ ባሎን ዶር።

ስለ ጨርቁ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። ጥጥ ይበዛበታል ብለው ነው የሸጡልኝ፣ ሲነካም እንደዚያ ነው፣ ለስለስ ይላል፣ ቀጭን ነው ግን አያሳይም። ስለ ማሊያ ጨርቅ ካነሳን፣ ያው በብራዚሉ ጨዋታ ክላውዲዮ ጀንቲሌ ዚኮን ሲይዘው ማሊያውን ቀዶበታል፣ ዚኮ የተቀደደውን እያሳየ ለዳኛው ሲያመለክት ያለው ምስል አለ። ያኔ ማሊያ እንደዚያ ነበር፣ ሲያዝ ይቀደዳል። የእኔን ስስበው ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ብብቱ ስር ድርብ ተሰፍቷል።

ሳይዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የዘመኑን አቆራረጥ ስለጠበቁ አጭርና ጠበብ ያለ ነው፣ ሮሲ ራሱ ቀጭን ሰው ነበር፣ እኔ ሁሌ ኤም ነው የምለብሰው ኤል አዝዤ ነው ልክ የሆነልኝ። ኮሌታው ደግሞ ከሁለት እጥበት በኋላ ጫፉ መጠምዘዝ ጀምሯል፣ ካልተተኮሰ አይተኛም፣ በ85 ዩሮ ይሄ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር። ከአስር ነጥብ አንዷን የቀነስኩበት በዚች ነው። ቀለሙ አልለቀቀም፣ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ቁጥሩን በቀጥታ በካውያ አትንኩት።

ሮሲ በዲሴምበር 9፣ 2020 በ64 አመቱ በሳንባ ካንሰር አረፈ። ቀብሩ ቪቼንዛ ካቴድራል ነበር፣ ከ82 ጓደኞቹ እነ ታርዴሊና ካብሪኒ ሬሳ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲወጡ ሳይ ነው ይሄን ማሊያ መግዛት አለብኝ ያልኩት። ከዩቬንቱስ ጋር ሁለት የሊግ ዋንጫ፣ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫም አለው፣ ግን የተሸኘው ከቪቼንዛ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ የምፈልገው የቪቼንዛውን ነው፣ ቀይና ነጭ መስመር ያለውን። ክለቡ ያኔ ላኔሮሲ ቪቼንዛ ነበር የሚባለው፣ ላኔሮሲ የሱፍ ፋብሪካ ነው፣ ከተጫዋቹ ጋር ዝምድና የለውም፣ ስሙ ነው የገጠመው። ደረቱ ላይ የፋብሪካው አር ፊደል አለች፣ እና እስካሁን ያየኋቸው ሬትሮዎች ላይ እሷ በፕላስቲክ የታተመች ናት። የተጠለፈች ያለው ሻጭ የምታውቁ ንገሩኝ።