ለቀፊራዋ ስልክ ጠጋኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ድሬዎች፣ እንዴት ናችሁ? ሙቀቱን እንዴት ያዛችሁት? ይህን የምጽፈው ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ የምትጠግን ልጅ ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ አልጽፍም።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የልብ ጓደኛው ከነቤተሰቡ ወደ ሐረር ከሄደ ወዲህ ከስልክ ላይ አልነሳ አለ። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ሁለት ጉርሻ ይጎርሳል፣ ሶፋው ላይ ይጋደማል። ምን ልዋሽ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ፀሐይ አይወጣ፣ አይረብሽ። በኋላ ነው የከፋው። ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ አንሶላ ውስጥ ተደብቆ ያያል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስቀሰቅሰው ያለቅሳል። ራሴን አመመኝ ይላል። ትንሿን እህቱን ያለ ምክንያት ይመታታል።

ስልኩን ቀማሁት። ቤቱ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ሆነና መለስኩለት። ከዚያ አንድ ሱቅ ወስጄ "ቆልፉልኝ" አልኩ። ብሬን ተቀብለው የሆነ መቆለፊያ ጫኑበት። በሁለተኛው ቀን ከፈተው። የሚስጥር ቁጥሩ የተወለድኩበት ዓመት ስለነበር፣ እዚህ ላይ እኔም ከጥፋቱ አላመልጥም።

ቀፊራ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ። ልጅቷ እየቀየረች "እትዬ፣ ስልኩ የማነው?" አለችኝ። የሱ ነው አልኳት። ያለችውን አንድ ወንበር ለኔ ሳይሆን ለሱ ሰጠችው! ሥራዋን ስትጨርስ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚባለውን ነገር ከፍታ አሳየችው። በቀን ስንት ሰዓት እንዳየ፣ የትኛው ላይ ስንት ደቂቃ እንዳጠፋ ስልኩ ራሱ ይመዘግባል። እኔ ይሄ መኖሩንም አላውቅ። ቁጥሩን አይቼ ልጮህ ስል በእጇ "ቆይ" አለችኝ።

"ከነዚህ ውስጥ፣ ከዘጋኸው በኋላ ደስ የሚልህ የትኛው ነው?"

ብዙ አሰበ። ከዚያ ጣቱን ኢሞ ላይ አደረገ። ሐረር ያለውን ጓደኛውን በእናቱ ስልክ የሚያገኝበት ነው። ከሁሉም ትንሽ ደቂቃ የነበረው ደግሞ እሱ።

"እሺ አቦ፣ እሱን አንነካውም" አለችው።

እኔ ዞር ብዬ የተሰቀሉትን ካቨሮች የማይ መሰልኩ።

ቀጥላ ፋሚሊ ሊንክን ጫነችልን። የጉግል ነው፣ ክፍያ የለውም። የሱን ስልክ ሰዓት ከኔ ስልክ ሆኜ እወስናለሁ፤ አዲስ ነገር ማውረድ ሲፈልግም ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ለዩቲዩብ እሷ 30 ደቂቃ አለች፣ እሱ 1 ሰዓት አለ። ቲማቲም የሚገዙ ይመስል ተከራክረው 45 ላይ ተስማሙ። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚቀጥለውን ነገር አጠፋችው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩ ይቆለፋል። ከ3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል 9 ሰዓት ተኩል ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ነው። የኔው ግን በስድስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ብቻ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው። ያለቅሳል እንጂ ምን ያድርግ?

ስለ ራስ ምታቱ ስጠይቃት "እኔ የምጠግነው ስልክ ነው፣ ዓይኑን ሐኪም ይየው" አለችኝ። አስመረመርኩት፤ መነጽር ታዘዘለት። የማታውቀውን አላውቅም ማለቷ ነው ይበልጥ እንዳምናት ያደረገኝ።

ከሳምንት በኋላ በራሴ ብልሃት ሰዓቱን ላስተካክል ገባሁና 3 ብዬ ሞላሁ። ስልኩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ጥርቅም! ልጄ "ውላችንን አፈረስሽ" ብሎ አኮረፈኝ። ይዤው ተመለስኩ። ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ለካ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው፤ የኛ ማታ 3 ለሱ 9 ፒኤም ነው። እናቶች፣ ልብ በሉ።

እርምጃ መቁጠሪያ የጫነችልንም ያን ቀን ነው። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትበርድ እኔና እሱ ሰፈራችን ሳቢያን ውስጥ እንዞራለን፣ ማታ ቁጥራችንን እናወዳድራለን። አንድ ቀን 3 ሺህ እርምጃ በለጠኝ። ደስ ብሎኝ ክፍሉ ስገባ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያወዛውዛል! መቁጠሪያው የሚያየው ንቅናቄውን እንጂ እግሩን አይደለም። አሁን ስልኩ እኔ ጋ ይቀመጥና እሱ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። የኔው ካልጠራሁት 60 ደቂቃውን እጥፍ ያደርገዋል።

ሁሉም ተስተካክሏል አልልም። ቅዳሜ ቅዳሜ "15 ደቂቃ ጨምሪልኝ" የሚለው ጭቅጭቅ አለ። እህቱን ግን መምታት ትቷል። እሁድ እሁድ በኢሞ ከሐረር ጋር ሲሳሳቅ ቤቱን ያናጋዋል።

ለዚህ ሁሉ የጠየቀችኝ የመስታወቱን ዋጋ ብቻ ነው። ልጨምር ብል እምቢ አለች።

ልትሄዱ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማለሁ። ወረፋ አለው፣ እሷም አትቸኩልም። በምሳ ሰዓት ዘግታ የምትከፍተው 10 ሰዓት ላይ ነው። የጂሜይል ፓስወርዳችሁን አስታውሳችሁ ሂዱ፤ እኔ ረስቼ ተመላልሻለሁ። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ። እሱ በሌለበት ስልኩን አትነካም።